ባዶ መደብ ሁሉ ገበያ አይሆንም

በገበያ ቀን ጧት ወደ አረርቲ ገበያ የወረደ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ጤፍ ሻጩ ከጤፍ ሻጩ ጎን፣ ሽንኩርት ሻጩም ከሽንኩርት ሻጩ ጎን፣ ሽንብራና ምስር ያቀረበችው እናትም ከመሰሎቿ ጋር ተደርድረው ይቀመጣሉ። ለንግድ እንግዳ የሆነ ሰው ይህን ሲያይ «እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ የሚሸጠው? ወዲያ ማዶ ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ አይደለምን?» ብሎ ይገረም ይሆናል። ነገሩ ግን ግልጽ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ሻጭ የጠፋው ገዢ ስለማይደርስበት ነው። ጤፍ ፈላጊ ወደ ጤፍ ተራ ይሔዳል እንጂ ወደ ባዶ ሜዳ አይሔድም።

እነዚያ እናቶች ደብተር ሳይዙ ያወቁትን ይህን ነገር እኛ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀን ወጥተን እንኳ ሳናውቀው በመቅረታችን አንድ ዓመት ያህል በከንቱ ደከምን። የደከምነውም በገበያው ሜዳ ሳይሆን በኢንተርኔት ላይ ነበር። ዛሬ ብዙ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ድረ ገጽ ከፍተው ኑሯቸውን ለመደጎም ስለሚያስቡ፣ የእኛ ስሕተት ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ ሳናፍር ልንገልጸው ወደድን።

ሐሳቡ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። በአገራችን የኤሌክትሮኒክ ግብይት በአዋጅ ቁጥር 1205/2012 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ገንዘብን በስልክ መላክና መቀበል ለገጠሩም ለከተማውም ቀለለ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም በሁለተኛ የቴሌኮም ድርጅትነት ሥራ ጀመረ። ስለዚህ በአረርቲ ተቀምጦ ለአዲስ አበባ ሰው፣ ከዚያም አልፎ በውጭ አገር ለሚኖር ወገን አገልግሎት መስጠት የሕልም እንጀራ አይደለም። ጥያቄው «ምን ዐይነት ድረ ገጽ እንክፈት? በየትኛውስ ቃል የሚፈልገን ሰው ያግኘን?» የሚለው ነው። እኛም የወደቅነው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሦስት ጓደኛሞች ተመርቀን ሥራ በመጠባበቅ ላይ ሳለን፣ አዲስ አበባ ሔደን በአንድ አዳራሽ የሁለት ቀን ሥልጠና ገዛን። አሠልጣኙ ንግግር አዋቂ ነበር። «በኢንተርኔት ላይ ሀብታም የሚሆን ሰው ፉክክር የሌለበትን ቃል ያገኘ ነው» አለን። ቀጥሎም ጎግል ለማስታወቂያ አስነጋሪዎች ያዘጋጀውን የቁልፍ ቃል ማቀጃ በግድግዳው ላይ እያሳየ፣ «የመኪና መድን» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ፉክክሩ ከፍተኛ እንደሆነና ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ብዙ ገንዘብ እንደሚከፍሉበት፣ በአማርኛ ሲጻፍ ግን ፉክክሩ «ዝቅተኛ» እንደሆነ አስረዳን። እኛም ከአዳራሹ ስንወጣ የወርቅ ጉድጓድ ያገኘን መስሎን ነበር።

ከዚያም የአንዳችን አባት አንድ ኩንታል ማኛ ጤፍ ሸጠው በሰጡን ገንዘብ የድረ ገጽ ስም አስመዘገብን፤ ማስቀመጫ ቦታም ተከራየን። ስለ መኪና መድን ሃያ ያህል ጽሑፎች ጻፍን። ከሦስታችን አንዳችንም መኪና አልነበረንም። ወራት አለፉ፤ የጎበኘን ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ከእነዚያም መካከል ገሚሶቹ እኛው ራሳችን በየስልካችን የከፈትነው ነበር። አባትየው አንድ ማታ ጠርተውን፣ «ልጆቼ፣ ያ ኩንታል ምን ሆነ? ገዢ አገኛችሁ?» ብለው ጠየቁን። «አባባ፣ ፉክክር የለበትም እኮ!» አልናቸው። እርሳቸውም ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «ፉክክር የሌለበት እኮ ሰውም የሌለበት ሊሆን ይችላል። ከብት ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆንባችሁ» አሉን። ከአዳራሹ ሥልጠና ይልቅ ይህች ንግግር ዐይናችንን ከፈተችው።

ከዚያ በኋላ ተቀምጠን ስሕተታችንን ከሥሩ መረመርን። የመጀመሪያው ስሕተት «ፉክክር» የሚለውን ቃል ትርጉም አለመረዳታችን ነበር። ያ የጎግል ማቀጃ «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» እያለ የሚያሳየው ፉክክር በዚያ ቃል ላይ ማስታወቂያ ለማስነገር ምን ያህል ነጋዴዎች እንደሚሻሙ ነው። አንድ ጽሑፍ ያለ ክፍያ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ለመውጣት ምን ያህል እንደሚቸገር የሚያሳይ አይደለም። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማስታወቂያ የሚያስነግር ሳይኖርበት በብርቱ ጽሑፎች የተያዘ ቃል አለ። ማስታወቂያ የሚበዛበት ሆኖ፣ ጥሩ ጽሑፍ ለያዘ ሰው በሩ ያልተዘጋ ቃልም አለ። ማስታወቂያ አስነጋሪ በሌለበት ቋንቋ «ዝቅተኛ» የሚለው ምልክት ብዙ ጊዜ የሚነግረን፣ በዚያ ቃል ገንዘብ አገኛለሁ ብሎ ያሰበ ነጋዴ አለመኖሩን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስሕተታችን ፍላጎትንና ፍለጋን አንድ አድርገን ማየታችን ነበር። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ባለ መኪና ለሦስተኛ ወገን መድን መግባት ግዴታው ነው። እንግዲህ የመድን ፍላጎት አለ ማለት ነው። ነገር ግን ባለ መኪናው መድን ባስፈለገው ጊዜ በቀጥታ ወደ መድን ኩባንያው ወይም ወደ ወኪሉ ይሔዳል እንጂ «የመኪና መድን» ብሎ ጽፎ የእኛን የሦስቱን ወጣቶች ምክር አይፈልግም። ሰው የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ሰው የሚፈልገው ቃል አይደለም። ይህን ልዩነት ያላየ ሰው ውሃ በሌለበት ጉድጓድ ላይ ባልዲ ያወርዳል።

ሦስተኛውም ስሕተት ጎግል አንድን ቃል ስንጽፍለት «ይህን ያህል ውጤት ተገኘ» ብሎ ያሳየን የነበረውን ትልቅ ቁጥር የፉክክር መለኪያ አድርገን መያዛችን ነበር። ያ ቁጥር ግምት ነው፤ ቃሉን እንደ ዋዛ በአንድ ጥግ የጠቀሰውን ገጽ ሁሉ ይጨምራል። በገበያው ውስጥ አንድ ሺህ ሰው ቢገኝም ጤፍ የሚሸጡት አሥሩ ከሆኑ፣ ጤፍ ሻጭ የሚፎካከረው ከአሥሩ ጋር ነው። በኢንተርኔትም ፉክክሩ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከተቀመጡት ዐሥር ያህል መልሶች ጋር ነው። ከእነርሱ በኋላ ያለውን የሚያገላብጥ ሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ትክክለኛው ምርመራ ወደ መጀመሪያው ገጽ ገብቶ፣ እንደ ብልህ ነጋዴ በተራው ውስጥ እየተዘዋወሩ ሻጮቹን አንድ በአንድ ማየት ነው። እኛም ከዚያ ወዲህ ሦስት ጥያቄዎችን እየጠየቅን መሥራት ጀመርን።

አንደኛው «እዚህ የተቀመጠው ማን ነው?» የሚለው ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ጎግልን በ1998 እ.ኤ.አ. ሲመሠርቱ የተነሡበት ሐሳብ፣ ብዙ ሌሎች ገጾች ወደ እርሱ የሚያመለክቱት ገጽ ይበልጥ የሚታመን ነው የሚል ነበር። ይህ በእኛ አነጋገር ምስክር እንደ መቁጠር ያለ ነው። ምስክሩ የበዛለት ሰው በሸንጎ እንደሚደመጥ፣ ብዙዎች የሚጠቅሱትም ገጽ ወደ ላይ ይወጣል። ዛሬ የጎግል መመዘኛ በብዙ እጥፍ ቢሰፋም የምስክሩ ነገር አልቀረም። አሕረፍስን የመሳሰሉ የግል መሣሪያዎች የአንድን ቃል አስቸጋሪነት በቁጥር የሚያወጡትም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ላሉት ምን ያህል ድረ ገጾች እንደመሰከሩላቸው ቆጥረው ነው። በዚያ ገጽ ላይ የታወቁ የጤና ተቋማት፣ ትላልቅ ጋዜጦችና መዛግብተ ዕውቀት ከተደረደሩ አዲስ ጀማሪ ዘሎ ባይገባ ይሻለዋል። የተረሱ ገጾችና የችኮላ ጽሑፎች ብቻ ካሉ ግን ተስፋ አለ።

ሁለተኛው «የተቀመጠው ሰው ጥያቄውን መልሷል ወይ?» የሚለው ነው። ጠያቂው ስለ መንገድ ጠይቆ ታሪክ ከተነገረው፣ ዋጋ ጠይቆ ውዳሴ ካነበበ፣ መደቡ ተይዟል እንጂ ዕቃው አልቀረበም። እንዲህ ያለውን ቦታ ያገኘ ወጣት ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ሳይሆን ሰው በቆመበት፣ ግን ያልተስተናገደበት ተራ ላይ ደርሷል።

ሦስተኛው «እኛስ ከእርሱ የተሻለ የምናውቀው ነገር አለን ወይ?» የሚለው ነው። ስለ መኪና መድን ይህን ጥያቄ አስቀድመን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ኩንታሉ ባልጠፋ ነበር።

ይህን መመዘኛ ይዘን የአገራችንን የምንጃርና ሸንኮራን ነገር መረመርን። መጀመሪያ ያነሣነው ጤፍን ነበር። የምንጃር ማኛ በአዲስ አበባ ወፍጮ ቤቶች ስሙ የታወቀ ስለሆነ፣ በላቲን ፊደል «ጤፍ» ብለን ጽፈን በውጭ አገር ላለው ገዢ እንድረስ አልን። ፍላጎቱ ሞልቷል፤ ጤፍ ግሉተን የሌለበት እህል በመሆኑ ስንዴ የማይስማማቸው ሰዎች ሁሉ ይፈልጉታል። ነገር ግን መደቡን ስንጎበኝ በትላልቆች ተይዞ አገኘነው። በአሜሪካ በአይዳሆ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጤፍ እየተመረተ ይሸጣል። በኔዘርላንድ አንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ መብት እስከ መያዝ ደርሶ ነበር፤ በኔዘርላንድ የነበረውን መብት የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ በአውድማ ላይ ሳለን ሌሎች ቃሉን በገዢው ቋንቋ ጽፈው ቀድመውን ነበር ማለት ነው። ከዚህም ሌላ መንግሥት ያልተፈጨ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ በ2006 እ.ኤ.አ. ከልክሎ እንደነበር እያወቅን፣ ስለ ፈቃዱ ሳንጠይቅ ገዢ ብንጠራ ኖሮ የምናቀርበው ሳይኖረን ደጃችንን ከፍተን መቆማችን ነበር። ስለዚህ ጤፍን ተውነው። ሰው የሚበዛበት ተራ ሁሉ ለሁሉ አይሆንም።

ቀጥሎ ሽንብራን አየን። ብዙ ሰው አያውቀው ይሆናል እንጂ፣ «አረርቲ» የከተማችን ስም ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማእከል አማካይነት የወጣ የተሻሻለ የነጭ ሽንብራ ዘርም በዚሁ ስም ይጠራል። ከዚህ የተነሣ «አረርቲ» ብሎ በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው ስለ ከተማይቱ ለማወቅ ቢፈልግም፣ ስለ ሽንብራው በሽታ መቋቋምና ስለ ምርታማነቱ የተጻፉ የምርምር ጽሑፎች ይቀርቡለታል። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ትምህርት አገኘን፤ አንድ ቃል ብዙ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። «ሸንኮራ» ብንልም አንዱ ወረዳውን፣ ሌላው ጸበሉን፣ ሌላው ደግሞ የሚመጠጠውን አገዳ ያስባል። ቃሉን የሚጽፈው ሰው በልቡ ምን እንዳለ ሳይታወቅ ስለ ፉክክር መናገር ከንቱ ነው።

በሽንብራ ዘር ላይ የምንፎካከረው ነጋዴ አልነበረም፤ ጽሑፎቹን የሚያነብቡትም ተመራማሪዎች ናቸው። ዘሩን የሚዘራው ገበሬ ግን ዘር ባስፈለገው ጊዜ የቀበሌውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም ጎረቤቱን ይጠይቃል እንጂ በስልኩ ላይ አይፈልግም። በመሣሪያው ላይ ቃሉን ስናይ የፈላጊው ቁጥር በጭረት ታለፈ። የአባባ ምሳሌ እንደገና መጣ፤ ኩበቱ የለም፤ ከብቱ አልዋለበትም።

ሦስተኛው ያየነው የሸንኮራ ዮሐንስ ነገር ነው። ወደዚህ ጸበል ከአዲስ አበባና ከሌሎችም አገሮች ብዙ ሰው ይመጣል፤ ከተማችንም የመንገደኛው መተላለፊያ ናት። በጎግል መጻፊያ ላይ ስሙን ጀምረን ስንተወው፣ ሌሎች ሰዎች የጻፏቸውን አብነት እያደረገ ራሱ ይጨርስልናል፤ ይህ የፍላጎት ምልክት ነው። ጎግል ትሬንድስ የሚባለውም፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕዝብ የተከፈተው መሣሪያ፣ አንድ ቃል በየትኛው ወር እንደሚፈለግ ስለሚያሳይ እንደ ሰኔ 30 ያለውን የመጥምቁ ዮሐንስን የልደት በዓል ሰሞን ለማገናዘብ ረዳን።

የመጀመሪያውን ገጽ ስንጎበኝ አብዛኛው የተአምርና የምስክርነት ቪዲዮ ሆኖ አገኘነው። ነገር ግን «ከሞጆ ወዲህ መንገዱ እንዴት ነው? አረጋዊት እናቴን ይዤ ስመጣ የት አሳድራለሁ? ምን ይዤ ልምጣ? ዝናብ ሲሆን መኪና ይደርሳል ወይ?» ለሚለው ሰው መልስ የሚሰጥ አላገኘንም። ቪዲዮዎቹ በብዙ ሰው የሚታዩ ስለሆኑ፣ በቁጥር ብቻ ቢታይ ፉክክሩ ብርቱ ነበር። ለዚህኛው ጠያቂ ግን መደቡ ባዶ ነበር። እኛም መንገዱን በእግራችን እናውቀዋለን፤ ማደሪያዎቹንም ባለቤቶቹንም እናውቃለን። ሦስቱም ጥያቄዎች በአንድ ቦታ ላይ ተገናኙ።

እዚህ ላይ የተፈተንንበትን ነገር ሳንናገር ብናልፍ ሐቀኞች አንሆንም። በዚሁ ጉዳይ ዙሪያ ይበልጥ የሚፈለጉት ቃላት የሕመም ስሞች ናቸው። «ከዚህ ሕመም የሚፈውስ» የሚል ርእስ ብንሰጥ ጎብኚው እንደሚጎርፍ ግልጽ ነበር። የአሠልጣኙ ሒሳብ ቢሆን ኖሮ «ጻፉት» ይለናል። ነገር ግን ያን ቃል በሌሊት በስልኩ ላይ የሚጽፈው ሰው የተጨነቀ ታማሚ ወይም የታማሚ እናት ናት። በእኛ ጽሑፍ ተማምና ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ብታስጥል፣ ኀላፊነቱን የሚሸከም ማን ነው? ልንመልሰው የማንችለውን ጥያቄ እንመልሳለን ማለት ፉክክር ማሸነፍ ሳይሆን ሰው ማታለል ነው። ስለዚህ እምነቱን ለካህናቱ፣ ሕክምናውንም ለሐኪሞቹ ትተን መንገዱንና ማደሪያውን ብቻ ጻፍን።

በሥራው ላይ ሳለን ሌሎች ሦስት ነገሮች ተማርን። የመጀመሪያው የፊደላችን ነገር ነው። አማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸው ብዙ ፊደላት ስላሉት አንዱ «ሥራ»፣ ሌላው «ስራ»፣ አንዱ «ጸበል»፣ ሌላው «ፀበል» ብሎ ይጽፋል። ሽንብራን እንኳ «ሽምብራ» የሚል ብዙ ነው። ከዚህም ሌላ አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ወጣት ጥቂት አይደለም። በአንዱ አጻጻፍ ብቻ የመዘነ ሰው ፈላጊውንም ተፎካካሪውንም በከፊል ያያል። እኛ በሁሉም አጻጻፍ እየጻፍን መዝነን፣ ርእሱን ሰው በብዛት በሚጽፈው፣ የጽሑፉን ውስጥ ግን በተለያየው አጻጻፍ አደረግነው።

ሁለተኛው፣ በአገራችን ብርቱው ተፎካካሪ ብዙ ጊዜ በጎግል ላይ አይታይም። ነጋዴው በቴሌግራም ቻናል ይሸጣል፤ ገዢውም እዚያው ይጠይቃል። የጎግልን ገጽ ባዶ አይቶ «ማንም የለም» የሚል ሰው፣ ገበያው ወደ ሌላ ሰፈር መዛወሩን ሳያውቅ በአሮጌው ቦታ ላይ መደብ እንደሚዘረጋ ነጋዴ ነው። ሦስተኛው፣ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጎግል ለብዙ ጥያቄዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያዘጋጀውን መልስ ከገጾቹ በላይ ማስቀደም ጀምሯል። በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ ጥያቄ ላይ የቆመ ድረ ገጽ ጎብኚውን በደጅ ሊነጠቅ ይችላል። ስፍራው ላይ ተገኝቶ ያየ ሰው ብቻ የሚያውቀውን የያዘ ግን አሁንም ይፈለጋል።

እንግዲህ «ምን አገኛችሁ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ሀብታም አልሆንንም። አዲሱ ድረ ገጻችን ከጥቂት ወራት በኋላ በመጀመሪያው ገጽ ላይ መታየት ጀመረ። ከአዲስ አበባ የማናውቃቸው ሰዎች ደውለው መንገድ ጠየቁን። አንዳንድ የማደሪያ ባለቤቶችም ስማቸው እንዲወጣ መጠነኛ ክፍያ መክፈል ጀመሩ። ሥራው የኢንተርኔት ወጪውን ከራሱ ይሸፍናል፤ ከዚያ ተርፎም ለአባባ ግማሽ ኩንታሉን መልሰናል። የቀረውን ግማሽ «በእርጋታ» ብለውናል።

ተማሪ ለሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች የምንለው ይህ ነው። ማንም አሠልጣኝ «ፉክክር የለበትም» ቢላችሁ ከመደሰታችሁ በፊት «ጠያቂስ አለበት ወይ?» በሉት። «ፉክክር ይበዛበታል» ቢላችሁም ከመሸሻችሁ በፊት ገጹን ከፍታችሁ የተቀመጡት ሰዎች መልስ መስጠታቸውን ተመልከቱ። የተማራችሁት ትምህርትና ያደጋችሁበት ወረዳ ሌላው የማያውቀውን ነገር አስተምረዋችኋል። የግብርና ተመራቂ የሽንኩርት ችግኝን በሽታ ያውቃል፤ የሒሳብ ተመራቂ የግብር አከፋፈልን ያውቃል። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ጠባብ መደብ መያዝ የሰውን ሰፊ መደብ ከመመኘት ይበልጣል። ገንዘብ ከማውጣታችሁም በፊት አንድ ወር በምርመራ ብታሳልፉ አይቆጭም፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማልና።

በየመሥሪያ ቤቱ ላላችሁ ወጣት ሠራተኞችም አንድ ቃል አለን። ሰው በስልኩ ከሚጽፋቸው ጥያቄዎች መካከል «ንግድ ፈቃድ ለማውጣት ምን ያስፈልጋል? መታወቂያ ለማሳደስ ምን ልያዝ?» የሚሉት መልሳቸው በእናንተ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቅበታል። በዚያ ጥያቄ ላይ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ ተፎካካሪ የለም። እናንተ ዝም ብላችሁ ስትቀመጡ ግን መደቡን ደላላ ይይዘዋል፤ ባለጉዳዩም በነፃ ሊያገኘው የሚገባውን ቃል በገንዘብ ይገዛል። በመሥሪያ ቤታችሁ ገጽ ላይ ያንን ማስታወቂያ ሕዝቡ በሚጠይቅበት አነጋገር መጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በአረርቲ ገበያ ሽንብራ የምትሸጠው እናት መደቧን ከመያዟ በፊት ቆም ብላ ታያለች፤ ማን እንደመጣ፣ ማን ምን እንደያዘ፣ ገዢው በየት በኩል እንደሚገባ ትመለከታለች። ከዚያ በኋላ ነው ጆንያዋን የምትፈታው። እኛ ጆንያውን መጀመሪያ ፈትተን፣ ገዢውን ኋላ ፈለግን። እናንተ እንደ እርሷ ብታደርጉ የአባታችሁ ኩንታል በጎተራው ይቆያል።